ጨጓራችሁን ከማከማችሁ በፊት ተመርመሩ፤ ከመመርመራችሁ በፊት ተዘጋጁ



ረመዷን ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ወደ መስጂድ የሚመጡ ወጣቶች ደጋግመው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ «ኡስታዝ፣ ጨጓራ አለብኝ፤ ፆሙን መተው ይፈቀድልኛል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዲናችን ለታመመ ሰው ቦታ አለው። የሚያሳስበው «ማን መርምሮ ነገረህ?» ሲባል የሚመጣው መልስ ነው። አንዱ «መድኃኒት ቤት ነገሩኝ» ይላል። ሌላው «ጓደኛዬንም እንደኔ ያቃጥለው ነበር» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «የዛሬ ሁለት ዓመት ባክቴሪያ አለብህ ተብዬ መድኃኒት ወስጃለሁ፤ ይጥፋ አይጥፋ አላውቅም» ይላል። ይህ ጽሑፍ ለሦስቱም ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የኢማም ረዳት ነኝ። መድኃኒት አላዝም። ነገር ግን ሐኪሞች በግልጽ የሚናገሩትን፣ እኛ ግን የምንዘለውን አንድ ነገር ማስታወስ እችላለሁ። የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ ዝግጅት አለው። ሶላት ያለ ውዱእ እንደማይሆን ሁሉ ይህም ምርመራ ያለ ዝግጅቱ አይሆንም። ከፍለን፣ ወረፋ ጠብቀን፣ ወረቀት ይዘን እንወጣለን፤ ወረቀቱ ግን እውነቱን ላይነግረን ይችላል።

ስለ የትኛው ባክቴሪያ ነው የምናወራው?

ስሙ ኤች ፓይሎሪ ይባላል። ለረጅም ዘመን የጨጓራ ቁስል የሚመጣው ከጭንቀት፣ ከቅመም የበዛበት ምግብና ከአሲድ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሮቢን ዋረን እና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች ይህን ባክቴሪያ በታማሚዎች ጨጓራ ውስጥ አገኙት። ብዙዎች አላመኗቸውም። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፤ በቀናት ውስጥም ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት አገኙ። በመካከሉ በ1994 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ኤች ፓይሎሪን ለሰው ካንሰር አምጪ ከሆኑት ነገሮች ተርታ መድቦታል።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሆድ ሕመም ይዟቸው በመጡ አዋቂዎች ላይ ተደርጎ በ2004 የታተመ ጥናት ባክቴሪያውን በአብዛኞቹ ላይ አግኝቷል። ልብ በሉ፣ በዚሁ ጥናት እነዚያው ሰዎች በተለያየ ዘዴ ሲመረመሩ ውጤቱ አንድ ዓይነት አልነበረም። በቡታጅራ ደግሞ ከውልደታቸው ጀምሮ ክትትል የተደረገላቸው ሕፃናት በ3 ዓመታቸው ሰገራቸው ሲመረመር ከ10ሩ 4 ያህሉ ባክቴሪያው ተገኝቶባቸዋል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ይህን እንግዳ የተቀበልነው በልጅነታችን፣ በቤታችን ነው።

ባክቴሪያው ያለበት ሁሉ አይታመምም፤ አብዛኛው ሰው ምንም ሳይሰማው ይኖራል። ሆድ ያቃጠለው ሁሉም ባክቴሪያ አለበት ማለት አይደለም፤ ቃር ሊሆን ይችላል፣ ለራስ ምታት ወይም ለወገብ የምንውጠው አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ጨጓራን ያቆስላሉ። በግምት መሄድ የማይቻለው ለዚህ ነው።

ትንፋሽ ስለ ጨጓራ እንዴት ይናገራል?

ዩሪያ ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ማዳበሪያውን ነው። ሰውነታችንም ራሱ ዩሪያ ያመርታል፤ በሽንት ይወጣል። ኤች ፓይሎሪ አሲድ በሞላበት ጨጓራ ውስጥ መኖር የቻለው ዩሪያን ሰባብሮ ወደ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀይር ነው። የትንፋሽ ምርመራው የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። ተመርማሪው ምልክት የተደረገበት ካርቦን ያለው ትንሽ ዩሪያ ይጠጣል። ባክቴሪያው ካለ ዩሪያውን ይሰብረዋል፤ ምልክት ያለው ካርቦን ወደ ደም፣ ከደም ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ ትንፋሽ ይወጣል። ባክቴሪያው ከሌለ ዩሪያው ሳይሰበር ያልፋል። መርፌ የለም፣ ቱቦ መዋጥ የለም።

ምልክቱ ካርቦን 13 ከሆነ ጨረር የለውም። ካርቦን 14 ከሆነ መጠኑ ጥቂት ቢሆንም ጨረር አለው፤ ነፍሰ ጡር እህቶችና ሕፃናት አይወስዱትም። የትኛው እንደሆነ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

በውጭ አገር ይህ ምርመራ ቤት ድረስ በፖስታ ይላካል፤ ሰውየው በቱቦ ነፍቶ ወደ ላቦራቶሪ ይመልሰዋል። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ «እባክህ ያንን ዕቃ ይዘህልኝ ና» ለምትሉ፣ በተለይ ቦሌና አካባቢው ላላችሁ፣ አንድ ምክር አለኝ። የነፋችሁበት ቱቦ በራሱ ቀለም ቀይሮ መልስ አይሰጥም። የሚያነበው በላቦራቶሪ ያለ መሣሪያ ነው። ተቀብሎ የሚያነብላችሁ ላቦራቶሪ መኖሩን ሳታረጋግጡ ብታስመጡት ባዶ ጠርሙስ ነው ያስመጣችሁት። ደግሞም ሌላ የትንፋሽ ምርመራ አለ፤ ስኳር መሰል ፈሳሽ ጠጥቶ በየ15 ወይም 20 ደቂቃው ለሁለት ሦስት ሰዓት የሚነፋበት። እሱ የትንሹ አንጀት ባክቴሪያን የሚያይ ነው እንጂ ኤች ፓይሎሪን አያይም። ሁለቱን አታምታቱ።

ዝግጅቱ

1. እንደ ኦሜፕራዞል፣ ፓንቶፕራዞልና ኢሶሜፕራዞል ያሉ አሲድ ቀናሽ ኪኒኖች ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት ይቆማሉ። እነዚህ መድኃኒቶች ባክቴሪያውን ሳይገድሉ ያዳክሙታል፤ ምርመራው ይስተዋልና «የለም» ይላል።

2. ማንኛውም አንቲባዮቲክ ከተወሰደ 4 ሳምንት ማለፍ አለበት። ለጉሮሮም ይሁን ለጥርስ የተወሰደ አሞክሳሲሊን ይቆጠራል። ቢስመዝ ያለበት መድኃኒትም እንዲሁ ነው።

3. እንደ ሲሜቲዲን ያሉትንና የማስታገሻ ሽሮፖችን መቼ ማቆም እንዳለባችሁ የሚመረምራችሁን ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሁለት ቀን ይበቃል።

4. ለትንፋሽ ምርመራ ቢያንስ 6 ሰዓት ባዶ ሆድ መሆን ያስፈልጋል። ከምሽቱ 3 ሰዓት እራት የበላ ሰው በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ዝግጁ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ ማር የመላስ ወይም ጥቁር አዝሙድ የመውሰድ ልማድ ያላችሁ፣ የዚያን ቀን ከምርመራው በኋላ አድርጉት። ሲጋራም ሆነ ጫት ከምርመራው በፊትና በመሀል አይነካም።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለ። የደማ ቁስል የነበረበት ወይም የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ኪኒኑን በራሱ ፈቃድ አያቁም፤ ከሐኪሙ ጋር ይመካከር። ጥቁር ሰገራ ያየ፣ ደም ያስታወከ፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ ምግብ ሲውጥ የሚተናነቀው ሰው ደግሞ ትንፋሽ እየነፋ ጊዜ አያጥፋ። ቀጥታ ሆስፒታል ይሂድ፤ የሚያስፈልገው ኢንዶስኮፒ ሊሆን ይችላል።

በምርመራው ሰዓት

መጀመሪያ ዩሪያውን ከመጠጣት በፊት ይነፋል። ከዚያ ይጠጣል፤ ብዙውን ጊዜ 30 ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ይጠበቃል፤ እንደገና ይነፋል። ቤት ውስጥ የሚያደርግ ሰው ትንፋሹን ጥቂት ሰከንድ ይዞ፣ በስትሮው ወደ ቱቦው ታች ቀስ ብሎ ይንፋ። ቱቦው ውስጡ ጉም ሲለብስ፣ መንፋቱን ሳያቆም ስትሮውን አውጥቶ ወዲያው ይክደን። ፊተኛውና ኋለኛው ቱቦ ከተቀያየሩ ውጤቱ ተበላሸ ማለት ነው፤ ስለዚህ ምልክታቸውን ሳታዩ አትንፉ። በሚጠበቀው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ውሃም አይጠጣም፣ ስፖርትም አይሠራም።

«ይህ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል» ለምትሉ

እውነት ነው። ግን የግድ ትንፋሽ መሆን የለበትም። በከተማችን በብዛት የሚታዘዘው የሰገራ አንቲጂን ምርመራ ባክቴሪያው አሁን መኖር አለመኖሩን ያያል። በአግባቡ ከተሠራ ከትንፋሹ ብዙም አያንስም። መድኃኒት የማቆሙ ዝግጅት ለእሱም ያው ነው፤ ባዶ ሆድ መሆን ብቻ ነው የማይጠየቀው።

የማልስማማው በደም ምርመራ ብቻ መድኃኒት በመጀመር ነው። የደም ምርመራው የሚያየው ሰውነታችን ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራውን መከላከያ ነው። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም መከላከያው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ታክሞ የዳነ ወጣት «ፖዘቲቭ» ይባልና ያንኑ አንቲባዮቲክ ለሁለተኛ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ይውጣል። ሰውነቱ ይጎዳል፣ ገንዘቡ ይባክናል፤ ለሌላ በሽታ የሚያስፈልገው መድኃኒትም በተለማመዱ ባክቴሪያዎች ፊት ኃይሉን ያጣል። ከመገናኛ እስከ ገርጂ፣ ከሰሚት እስከ አያት በየአስፋልቱ ዳር መድኃኒት ቤት አለ። ኦሜፕራዞል በቀላሉ መገኘቱ መልካም ነው፤ በየወሩ ያለ ምርመራ መግዛቱ ግን በሽታውን መደበቅ እንጂ ማከም አይደለም። ገንዘብ የሚያንሳችሁ ከሆነ፣ የአንድ ዓመት የኦሜፕራዞል ወጪያችሁን ደምሩና ከአንድ የሰገራ ምርመራ ጋር አስተያዩት።

ከረጀብ ጀምሩ

አሁን ወደ ፆሙ እንመለስ። የዩሪያው ፈሳሽ በአፍ የሚገባ ስለሆነ ፆም ያፈርሳል። ለአስቸኳይ ካልሆነ በረመዷን ቀን ለምርመራ መሮጥ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ቀድሞ መነሳት ነው። ሒሳቡን ተመልከቱ። ኦሜፕራዞል አቁሞ ለመጀመሪያው ምርመራ መዘጋጀት 2 ሳምንት። ባክቴሪያው ከተገኘ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ 14 ቀን፣ ይኸውም 2 ሳምንት። መዳኑን ለማረጋገጥ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ቢያንስ 4 ሳምንት ይጠበቃል፤ ለሁለተኛው ምርመራ ኦሜፕራዞል የሚቆምበት ጊዜም በዚሁ ውስጥ ይካተታል። ድምሩ 8 ሳምንት ነው። ረጀብና ሻዕባን ሲደመሩ ደግሞ ወደ 59 ቀን ይጠጋሉ። ረጀብ ሲብት የጀመረ ሰው ረመዷን ሲገባ ጉዳዩን ጨርሶ፣ የሚያወራው በግምት ሳይሆን በእውቀት ይሆናል።

ያኔ ጥያቄውም ይቀየራል። ሐኪም መርምሮት «አሁን ፆም ይጎዳሃል» ያለው ወንድም ፈቃዱን ያለ ሐፍረት ይውሰድ፤ በሌላ ቀን ይተካዋል። ምንም የሌለበት ደግሞ «ጨጓራ» በሚል ቃል ተሸፍኖ ታላቁ ወር እንዳያመልጠው። ሁለቱም በደል ነው፦ የታመመ ሰው ራሱን አስጨንቆ መጎዳቱም፣ ጤነኛው ባልተረጋገጠ በሽታ ፆሙን መተዉም። በሁለቱ መካከል የሚለየው እውነተኛ ምርመራ ነው።

ስለ ሕክምናውም አንድ ቃል። ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክና አንድ አሲድ ቀናሽ በአንድነት ይታዘዛሉ። በአምስተኛው ቀን ማቃጠሉ ሲቆም ቀሪውን መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጥ አለ፤ ለእህቱ የሚያካፍልም አለ። ባክቴሪያው ግን አልሞተም፤ መድኃኒቱን ነው የተማረው። የታዘዘውን ጨርሱ፤ ከዚያ ማቃጠሉ ስለቆመ ብቻ «ድኛለሁ» አትበሉ። ድጋሚ ምርመራው ነው የሚናገረው።

ዱዓው ይቀጥል፣ ሩቅያውም ይቀጥል፤ ማሩም ጥቁር አዝሙዱም በቦታው ይሁን። ከምርመራ የሚያግድ አንዳቸውም የለም። የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

በዚህ ሳምንት ማድረግ የምትችሉት ነገር ቀላል ነው። የኪኒን ሳጥናችሁን ክፈቱ። ኦሜፕራዞል ለመጨረሻ ጊዜ የዋጣችሁበትን ቀን፣ አንቲባዮቲክ ያበቃችሁበትን ቀን በስልካችሁ ጻፉ። ወደ ጤና ተቋም ስትሄዱ «መርምሩኝ» ከማለታችሁ በፊት እነዚህን ሁለት ቀኖች ተናገሩና «አሁን ብመረመር ውጤቱ ትክክል ይሆናል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እናትና አባታችሁ ለዓመታት «ጨጓራዬ» እያሉ ኪኒን የሚውጡ ከሆነ ለእነሱም ጠይቁላቸው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። ወሏሁ አዕለም።