ፍየል የሌለችበት መለኪያ

«ሕዝቡ የቁጠባ ባህል የለውም» የሚለው ባለሙያ አንድ ጊዜ ሰቆጣ ገበያ ወርዶ ፍየል ይዞ የቆመውን ሰው ለምን እንደሚሸጥ ቢጠይቀው ጥሩ ነበር።

የዓለም ባንክ የፊንዴክስ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ሒሳብ ያለውን ኢትዮጵያዊ አዋቂ 35 በመቶ ገደማ አድርጎታል። ቀሪው ገንዘብ አያያዝ አያውቅም ማለት ነው? የዋግ ኽምራ ገበሬ ቁጠባው በረት ውስጥ ነው፤ ዕቁብና ዕድሩም አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ሲያልፍ የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። በሒሳብ ደብተር ለሚለካ ግን ብሩን ባንክ ያከረመው «ቆጣቢ»፣ ፍየል ገዝቶ ያረባው ምንም ነው።

ፍየልም ቢሆን ይከስራል። በ2016 ዓ.ም. ድርቅ በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሰሃላ ከብት ሲያልቅ የጎረቤቱም ቁጠባ አብሮ ነው ያለቀው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁሉም ሻጭ ይሆንና የከብት ዋጋ ይወድቃል፣ እህል ይወደዳል።

ፊንዴክስ አንድ የተሻለ ጥያቄ አለው፦ ድንገተኛ ወጪ ቢመጣ በ30 ቀን ገንዘብ ታገኛለህ? ለዋግ ይኼም ይጎድለዋል። «አዎ»ው ብቻ ከታየ ዕቁብ ደርሶት «አዎ» ያለና የእርሻ በሬውን ሸጦ «አዎ» ያለ እኩል ይቆጠራሉ። ሁለተኛው በሰኔ በምን ያርሳል? ሴፍቲኔት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀመር አንዱ ዓላማው ቤተሰብ ለምግብ ሲል ጥሪቱን እንዳይሸጥ ነበር። ጠያቂው መዝገቡን ይዞ ሲመጣ ከደብተሩ በፊት ይኼን ይጠይቅ፦ በክፉው ጊዜ የሸጣችሁት ወጠጤውን ነው ወይስ በሬውን?