ጥቁሩ አፈር የውኃው ነው

የመሬት እጥረት በተነሣ ቁጥር አብሮ የሚነሣ አስተያየት አለ። ረግረግ ሥራ ፈት መሬት ነው፤ አፈሩ ጥቁርና ለም ስለሆነ ቦይ ተቆፍሮለት ውኃው ቢጠነፈፍ ለሥራ አጥ ወጣት የሚከፋፈል እርሻ ይወጣዋል ይባላል። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ከመካነ ሰላም እስከ ለጋምቦ ባለው ደጋ መሬት እየጠበበ፣ ልጅ የአባቱን ይዞታ እየተካፈለ መሆኑን የሚያዩ ሰዎች ናቸው። የሳቱት አፈሩን ነው።

ጥቁረቱ ከየት መጣ? በደረቅ መሬት ላይ የሞተ ሣር ብዙ አይቆይም። ረቂቅ ተሕዋስያን አየር እየሳቡ ይበሉታል፤ ለከርሞ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ውኃ በተኛበት ጨፌ ግን አየር ወደ ታች አይደርስም። ቀጤማውና ሥራሥሩ በከፊል ብቻ በስብሶ ይቀራል፤ የዘንድሮው ባምናው ላይ ይተኛል። ቀድሞ የደንቆሮ ጫካ ይባል በነበረው በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አናት ላይ፣ አስታው አልቆ ጓሳና ጅብራ በሚበቅልበት ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ከፍታ፣ ብርዱ ራሱ መበስበሱን ያዘገያል። እንዲህ ያለ አፈር በዓመት የሚጨምረው አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። አንድ ሜትር ለመሙላት ሺህ ዓመት ይፈጃል ማለት ነው። ጥቁሩን አፈር ውኃው ሸፍኖ አልደበቀውም፤ የሠራው እሱ ነው፤ እንዳይጠፋ የሚጠብቀውም እሱ ነው።

ይህን የሚጠራጠር ሰው በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በሸኖ አካባቢ ይደረግ የነበረውን ጓል የማቃጠል ልማድ ልብ ብሎ ይመልከት። ገበሬው ለዓመታት ያደረና ሣር የለበሰ መሬት ደጋግሞ ያርሳል። ጓሉ ሲደርቅ በየቦታው ይከምረዋል፤ ከሥሩ ኩበት ይጨምርና እሳት ይለኩሳል። ክምሩ ነበልባል ሳያወጣ ለቀናት ይጨሳል። ሲበርድ ይበተናል፣ ገብስ ይዘራበታል። የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ያስደስታል፤ የሁለተኛው ይቀንሳል። ከዚያ መሬቱ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ጾሙን ያድራል።

እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ የነደደው ምንድን ነው? ሸክላ አፈር አይነድም፤ ድንጋይም አይነድም። የነደደው በአፈሩ ውስጥ ለዘመናት የተጠራቀመው የሣርና የሥር ቅሪት ነው። እሳቱ በዚያ ቅሪት ውስጥ ተቆልፎ የነበረውን ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ፈትቶ ለገብሱ አቀረበው፤ ያማረው አዝመራ ከዚህ የመጣ ነው። ቅሪቱ ራሱ ግን ጭስ ሆኖ ሄደ። የተቃጠለው ሸክላም እንደ አሸዋ ይፈረካከሳል፤ ውኃ የመያዝ አቅሙ ይደክማል። የአንድና የሁለት ዓመት ገብስ የተገኘው የብዙ ዓመት ክምችት ተከፍሎ ነው። ገበሬው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ መሬቱን አሥር ዓመት የሚያሳርፈው ስለሚያውቅ ነው። ይህን ልማድ ኋላ ቀር ብለው የነቀፉ ባለሙያዎች ነበሩ። ነቀፋቸው ትክክል ቢሆንም፣ ረግረግን በቦይ ማድረቅን ግን ልማት ብሎ የሚደግፍ ሰው ያንኑ ነቀፋ የመሰንዘር መብት የለውም።

ምክንያቱም ማጠንፈፍ ጭስ የማይታይበት ቃጠሎ ነው። ቦዩ ውኃውን ሲያወርድ አየር ይገባል፤ አየር ሲገባ ተሕዋስያኑ ሺህ ዓመት ያመለጣቸውን መብላት ይጀምራሉ፤ ካርቦኑ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ መሬቱም እያነሰ ይወርዳል። በዓመት አንድ ሣንቲ ሜትር እንኳ ቢጠፋ አሥር ዓመት የተጠራቀመው በአንድ ዓመት ሄደ ማለት ነው። ጓል የሚያቃጥል ገበሬ መሬቱን ያሳርፋል። ቦይ ግን ክረምት ከበጋ ሳያርፍ ያፈስሳል። የባሕር ዛፍ ችግኝ የሚተከልበት ጨፌም ዛፉ ውኃውን ስለሚመጥጠው ዕጣው ያው ነው።

የረግረግ መድረቅ ጣጣ የባሕር ጠረፍ አገሮች ጉዳይ ነው፣ ባሕር የሌላትን አገር አይመለከትም የሚል አለ። በሐሩር ጠረፎች ባሕሩ በየቀኑ እየሞላና እየጎደለ የሚያርሰው የማንግሮቭ ረግረግ በእርግጥ የራሱ መርዝ አለው፤ ጨው ውኃው ያመጣው ድኝ ከብረት ጋር ተዋሕዶ ስለሚቀመጥ፣ ሲደርቅ አሲድ ሆኖ ሰብሉን ይገድላል። የእኛ ደጋ ይህ የለበትም። ሕጉ ግን አንድ ነው፤ ውኃው ሲሄድ አፈሩ ይከተላል። በኢንዶኔዥያ የሱሃርቶ መንግሥት በ1995 እ.ኤ.አ. ማብቂያ በመካከለኛው ካሊማንታን አንድ ሚሊዮን ሄክታር ረግረጋማ ደን የሩዝ እርሻ ሊያደርግ ተነሥቶ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ቦይ አስቆፈረ። የታሰበው ሩዝ አልተገኘም፤ በ1997 እ.ኤ.አ. የደረቀው አፈር ራሱ እሳት ያዘ። እዚያም ሲጀመር የተባለው «ሥራ ፈት መሬት ነው» የሚል ነበር።

መሬት የሌለው ወጣት ምን ይብላ ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚከዳ መሬት መስጠት መሬት መስጠት አይደለም። ያው ጨፌ በውኃው እንዳለ በድርቅ ወራት ለከብት ሣር፣ ለቤት ክዳን ጓሳ፣ ለፋሲካ ዋዜማ ቀጤማ ሲሰጥ ኖሯል። ምንጮቹም ወደ ዓባይ ገባሮች ይወርዳሉ።

ሕጋችን ይህን በሚገባው ክብደት ሳይዘው ኖሯል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 (ኋላ በሌላ ተተክቷል) ስለ ተዳፋት ሲናገር በቁጥር ነበር፤ ከ60 በመቶ በላይ ያዘቀዘቀ መሬት አይታረስም ይል ነበር። ስለ ረግረግ ሲመጣ እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ መለኪያ አልነበረውም። ተዳፋቱን ያህል ለረግረጉም ቢታሰብ ኖሮ የጥቁሩ አፈር ጥልቀት ተለክቶ በይዞታ መዝገብ ላይ ራሱን የቻለ የመሬት ዓይነት ሆኖ ይሰፍር ነበር። አሁንም አልረፈደም። የዓባይን አፈር የምናድነው በእርከን ብቻ ነው የሚለውን ትተን ከአናቱ እንጀምር፤ ከለጋምቦ እስከ ወግዲ ባለው ደጋ፣ ውኃ ተኝቶበት ጥቁር አፈር ባቆየ በማንኛውም ጨፌ ላይ፣ የማንም ይዞታ ይሁን የማን፣ አንድም የማጠንፈፊያ ቦይ መቆፈር የለበትም።