ግእዝ የጠበቀው አደራ

አዲሱን ዓመት ስንቀበል፣ በዘመን አቆጣጠር ምክንያት ከወገኖቻቸው የተለዩ ጥንታውያን አይሁድን እናስታውሳለን። ኤሴናውያን ሀብታቸውን በአንድነት ይይዙ፣ ብዙዎቹም ከጋብቻ ይርቁ ነበር። ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የተገኙትን ብራናዎች ብዙ ሊቃውንት የእነርሱ ናቸው ይላሉ። በብራናዎቹ ዓመቱ 364 ቀን ስለሆነ በዓላቱ ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ በዓላት ጋር አይገጥሙም።

ከዚያው የመጽሐፈ ሄኖክና የመጽሐፈ ኩፋሌ ቁርጥራጮች ተገኝተዋል። ሁለቱን በምሉዕነት ያቆየው ግን ግእዝ ብቻ ነው፤ ይህም ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው የጻፉ አበው ድካም ፍሬ ነው።

ከአርሲ ደጋ በስተምዕራብ በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ጥንታውያን ብራናዎች ተጠብቀው ኖረዋል። የአሰላና የአካባቢው ምእመናንም በየደብሩ ዕቃ ቤት ያለውን መጽሐፍ ከእርጥበት፣ ከእሳትና ከሌባ ሊጠብቁ ይገባል። የጠፋ ብራና ምትክ የለውምና።

መልካም አዲስ ዓመት!