ልጆች እንዲያስቡ ጊዜ እንስጣቸው

የዚህ እትም ትኩረት የአንደኛ ደረጃ ክፍል ነው። ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቻቸው በ1956 እ.ኤ.አ. የትምህርት ዓላማዎችን በደረጃ ካስቀመጡ ወዲህ፣ ከላይኞቹ ደረጃዎች የሆኑት መተንተንና መመዘን ለትልልቅ ተማሪዎች ብቻ ናቸው የሚል ግምት ሥር ሰድዷል። አልስማማም። "ለምን?" እያለ ፋታ የሚነሳን የሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ ዝም የምናሰኘው እኛ ነን።

አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው፣ መምህራን ጥያቄ አቅርበው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ጊዜው ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ በምክንያት መደገፍ ጀመረ፤ ዝምተኞቹም ተናገሩ። ይህ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ተማሪ በታጨቀበት ክፍልም ይቻላል።

ጥያቄውም ይለወጥ። ክፍልፋይ ስናስተምር "ከዳቦው ሲሶውን ትመርጣለህ ወይስ ሩቡን? ለምን?" እንበል። አራት ከሦስት ስለሚበልጥ ሩብ ይበልጣል ያለውን ልጅ ቶሎ አናርመው፤ ሥሎ ያሳየን፣ ጓደኞቹም ይሞግቱት። ስህተቱን ራሱ ሲደርስበት የሚያገኘውን ዕውቀት የእኛ እርማት አይሰጠውም።

በውስጥ ገጾች ያሉት የትምህርት ዕቅዶች በጠመኔና በሰሌዳ ብቻ የሚሠሩ ናቸው። መምህራን፣ ሞክሯቸውና የሆነውን ጻፉልን።