ቲነር የጉዳት ማካካሻ አይደለም!

ለሰፈራችን ነዋሪዎች፣ ለባለመኪናዎችና ለባለባጃጆች በሙሉ፦

መንገድ ዳር በኮምፕሬሰር የሚረጭ ቀለም የማንንም አጥር አያከብርም። ብናኙን ነፋስ ይወስደውና የጎረቤት መኪና፣ የተሰጣ ልብስ ላይ ያሳርፈዋል። ባለንብረቱ ሲጮህ «ምን አለበት፣ በቲነር ይለቃል» ይባላል። ኧረ ለመሆኑ፣ ቲነር የብናኙን ቀለም ከመኪናው ቀለም ለይቶ ያውቃል እንዴ? በተለይ ጋራዥ በድጋሚ የተቀባውን አለስልሶ አብሮ ይልጠዋል። የድስት መፈተጊያ ሽቦም እንዲሁ ጭሮ ያደበዝዛል።

ትክክለኛው መንገድ ትዕግሥት ነው። በቅድሚያ አቧራው በብዙ ውኃ ይታጠብ፤ አቧራ ይዞ መፈተግ በአሸዋ መፈተግ ነውና። ቀጥሎ ለመኪና ቀለም ማጽጃ የሚሸጠው፣ እንደ ሊጥ የሚታሸው ጭቃ በሳሙና ውኃ እየራሰ ቀስ ተብሎ ይታሽበት። መሬት ከወደቀ ይጣል፤ ጠጠር ይዞ ይጭራል። በመጨረሻ ሰም ይቀባ። የወፍ ኩስም ቢሆን በእርጥብ ጨርቅ ይራስ እንጂ በጥፍር አይፋቅ።

ነገር ግን ይህን ሁሉ ድካምና ወጪ የተበደለው ለምን ይሸከም? ቀለም ቀቢዎቻችን እንጀራቸውን ይብሉ፤ ማንም አይከለክላቸውም። ግን ከግቢ ውጭ፣ ያለ መጋረጃ አይርጩ፤ ብናኙን ልጆቻችን ይተነፍሱታል። ቲነርም ወደ ቦይ አይደፋ! የቀሃ ወንዝ ለጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የሚሞላ ውኃችን ነው፤ የቆሻሻ መውረጃ አይደለም።

የሰው ንብረት ያበላሸ የማስለቀቂያውን ዋጋ ይክፈል። ሳይቃጠል በቅጠል!