ከሱቁ ደጃፍ የሚቀር ጥያቄ

እሑድ ረፋድ ላይ ከዶራ ተነሥቶ ወደ ቡርጅ ሐሙድ የሚያቀና ሰው፣ ለአፍታ ቤይሩት ዳርቻ መሆኑን ሊዘነጋ ይችላል። በርበሬና እንጀራ የሚሸጥባቸው ሱቆች፣ ፀጉር ቤቶች፣ ገንዘብ ወደ አገር ቤት የሚላክባቸው መስኮቶች፣ የዕረፍት ቀን አግኝተው ከየማዳሙ ቤት የወጡ እኅቶች ጨዋታ ሁሉ በአማርኛ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት በዚሁ ሰፈር አንዲት የወሎ ልጅ አገኘሁ። አሮጌ ልብስ የሚያስተካክል ትንሽ ስፌት ቤት ፊት ለፊት ቆማ፣ ልግባ ልመለስ እያለች ታመነታ ነበር። በመጨረሻ ቢስሚላህ ብላ ገባች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ፊቷ በርቶ ወጣች፤ ባለቤቱ «ነገ ነይ» ብሏታል።

ስንት ሊከፍልሽ ነው ብዬ ጠየቅኋት። «ኧረ እሱን መጠየቅ አፈርኩ» አለችኝ።

ይህን መልስ በቤይሩትና በዙሪያዋ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እርሱ ነው። ይሉኝታ ባደግንበት ቀዬ የጨዋ ልጅ መለያ ነው። ገና ሳይቀጠሩ ስለ ገንዘብ ማንሣት እንደ ስግብግብነት ይቆጠራል። አገር ቤት ይሉኝታ የሚሠራው ግን ሌላው ወገንም ይሉኝታ ስላለበት ነው፤ አሠሪው ቢበድል ጎረቤት ያየዋል፣ ሽማግሌ ይጠራዋል። እዚህ ያ ሽማግሌ የለም።

ሊባኖስ ውስጥ ደግሞ ስለ ክፍያ ዝም ማለት ምን እንደሚያስከትል በዓይናችን አይተናል። እስከ 2019 (እ.ኤ.አ.) ድረስ አንድ ዶላር ለብዙ ዓመታት በ1,507 ሊራ ግድም ይመነዘር ነበር። ዛሬ 89,500 ሊራ ገደማ ነው። ደመወዝሽ ይህን ያህል ነው የተባለችና በየትኛው ገንዘብ እንደሆነ ያልተነጋገረች ሠራተኛ፣ ቁጥሩ ሳይጎድል ዋጋው ከእጇ በንኖ ቀረ። በሰኔ 2020 (እ.ኤ.አ.) ሐዝሚዬ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ከነሻንጣቸው ተጥለው ያደሩት እኅቶች ብዙዎቹ የወራት ደመወዝ ሳይከፈላቸው የወጡ ነበሩ። እንግዲህ «በዶላር ነው በሊራ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ከሆነ፣ ምኑ ነው ጨዋነት?

የሕጉ ነገር ደግሞ አለ፤ ደስ ባይልም መነገር አለበት። በ1946 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። የሱቅና የስፌት ቤት ሠራተኛ በመርሕ ደረጃ ሕጉ ይመለከታታል፤ በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ አትሠራም የሚለውም በዚያው ሕግ ነው። ችግሩ፣ በከፋላ ሥርዓት የገባች ሴት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአንድ ካፊል ስም ጋር የታሰረ መሆኑ ነው። ያ ሰው በጽሑፍ ካለቀቃትና ወረቀቷ ካልተዛወረ በሌላ ሰው ዘንድ መሥራቷ ለእስርና ከአገር ለመባረር ያጋልጣታል። በመስከረም 2020 የሠራተኛ ሚኒስቴር ሠራተኛዋ አሠሪዋን ሳታስፈቅድ ውሏን እንድታቋርጥ የሚፈቅድ አዲስ ውል አውጥቶ ነበር፤ በወሩ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አገደው። ስለዚህ ወደ አንድ ሱቅ የምትገባ እኅት አስቀድማ የራሷን ወረቀት ሁኔታ ማወቅ አለባት። ባለሱቁ ተቆጣጣሪ እንደሚፈራ፣ «ዝም ብለሽ ሥሪ» የሚለውም አንዳንዴ ከክፋት ሳይሆን ከዚህ ፍርሃት እንደሆነ ብታውቅም መልካም ነው። ፍርሃቱ ግን ደሞዟን አይቀንስም፤ ሊቀንስም አይገባም።

አጠያየቁ ራሱ ብዙ ጥበብ አይሻም። መንቁሼ የሚጋግር ፉርን ጠዋት ላይ ራስ ማዞሪያ ጊዜ የለውም፤ ከሰዓት በኋላ ይሻላል። ጠሪቅ ጀዲዳ ባለው ሱቅ የጁሙዓ ሰዓት መሄድ ከንቱ ድካም ነው። «ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» ከማለት «ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ» ማለት ይበልጣል፤ ማንኛውንም የምትሠራ ሴት ማንኛውንም ትታዘዛለችና። ሙከራ ካለ ስንት ቀን እንደሆነ፣ የሙከራው ቀን ይከፈልበት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ፓስፖርት እኔ ዘንድ ይቀመጥ ለሚል ሰው መልሱ አንድ ነው፤ አመስግኖ መውጣት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሊባኖሳዊውን ወይም አርመናዊውን ባለሱቅ መጠየቅ አይደለም። የሚከብደው የእኛኑ ነው። ዛሬ በእነዚህ ሰፈሮች ትንንሽ ምግብ ቤትና ፀጉር ቤት የከፈቱ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ከማዳም ቤት ተነሥተው እዚህ መድረሳቸው የሚያኮራ ነው። ነገር ግን «እኅቴ አይደለሽ እንዴ፣ እኔና አንቺ ስለ ብር እንነጋገራለን?» የሚል ቃል ከእነርሱ ቤት ሰምቻለሁ። ይህን ያለችው ሴትዮ ክፉ አልነበረችም፤ ለልጅቷ ማደሪያም ሰጥታታለች። ከሦስት ወር በኋላ ግን አንዷ ማደሪያውን እንደ ደመወዝ ቆጥራው፣ ሌላዋ እንደ ችሮታ አይታው ተለያዩ፤ ዛሬ ሰላምታም የላቸው። እኅትነቱን ያፈረሰው ገንዘቡ አልነበረም፤ ሳይነጋገሩ መቅረታቸው ነው።

ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ከግብፅ ሸሽተው መድየን ሲደርሱ ከእኛ ስደተኛ የተሻለ አልነበሩም፤ ዘመድም ስንቅም የላቸውም። የመድየኑ አዛውንት ግን «እንግዳዬ ነህ» ብለው ነገሩን አድበስብሰው አላለፉትም። ስምንት ዓመት እንዲያገለግሏቸው፣ አሥር ቢሞሉ ግን በራሳቸው ፈቃድ እንደሚሆን ለይተው ነገሯቸው። ሙሳም ከሁለቱ የትኛውን ቢፈጽሙ በደል እንዳይኖርባቸው በግልጽ ተናግረው፣ አላህን ምስክር አድርገው ተዋዋሉ። እንግድነትም፣ አማችነትም፣ የሁለቱ ሰዎች ደግነትም ውሉን አላስቀረውም።

የወሎዋን ልጅ በሳምንቱ እዚያው መንገድ ላይ አገኘኋት። በማግሥቱ ስትሄድ መርፌ ከማንሣቷ በፊት ጠይቃዋለች። ሰውየው ትንሽ ዝም ብሎ፣ ካልኩሌተሩን አንሥቶ በዶላር ጽፎ አሳያት። ካሰበችው ያነሰ ነበር። አሥር ዶላር አስጨምራ፣ የቅዳሜ ማታ ክፍያ ይሁን ብላ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ቅዳሜ በሰዓቱ ተከፍሏታል።