ነፃ ትምህርት በስንት ብር?

ነገሩ የተጀመረው በምዝገባ ሰሞን ነው። የእህቴን ልጅ አንደኛ ክፍል ለማስገባት ከአዲስ አበባ ብዙም ወደማትርቅ አንዲት ከተማ ሄጄ፣ ከአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት በር ላይ ከወላጆች ጋር ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ የቆሙት እናት የጉሊት ቸርቻሪ መሆናቸውን ከጣታቸው ያልለቀቀው የበርበሬ ቀለም ይናገራል። ተራቸው ደርሶ የልጃቸውን የልደት ወረቀት ሲያቀርቡ መዝጋቢው፣ «መዋጮውን ከፍለዋል እናቴ?» አላቸው።

«ትምህርት ነፃ ነው አላችሁን እኮ ልጄ!»

«ትምህርቱማ ነፃ ነው። ይሄ ለጥበቃ ደመወዝና ለወንበር ማሠሪያ ነው። በፈቃደኝነት ነው እንጂ ግዴታ አይደለም» አለና የልደት ወረቀቱን መልሶ ሰጣቸው። ሴትዮዋ ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱና ከሰልፉ ወጡ። ልጃቸውም ተከተላቸው። «በፈቃደኝነት» የሚለው ቃል እንዲህ ያለ ትርጉም እንዳለው ያን ቀን ተማርኩ።

የእኔ ተራ ሲደርስ የተባለውን ከፈልኩ። ሆዴ ግን አልቻለምና ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ ገባሁ። «ለመሆኑ መንግሥት ዘንድሮ ለትምህርት ቤታችሁ ስንት መደበ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ይቆጡኛል፣ ወይም «የውስጥ ጉዳይ ነው» ይሉኛል ብዬ ነበር። ሰውየው ግን ፈገግ አሉና፣ «ጋሼ፣ እኔም የማውቀው ሲደርሰኝ ነው። ሲደርሰኝም የደረሰኝን እንጂ የተመደበልኝን አላውቅም» አሉኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ የሴትዮዋ ከሰልፍ መውጣት ብቻ አይደለም፤ ይህ መልስ ነው። ከፋዩ የሚከፍለው ምን ጎድሎ እንደሆነ አያውቅም። አስከፋዩም አያውቅም። እንግዲህ የሚያውቀው ማነው?

ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ በአጭሩ እንከተለው። የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች የድጎማ በጀት ይሰጣል። ክልሉ ደግሞ ለወረዳዎች ያከፋፍላል። ይህ ለወረዳ በጥቅል የሚሰጥ በጀት፣ «ብሎክ ግራንት» የሚባለው፣ በአራቱ ትላልቅ ክልሎች የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነበር። ወረዳው የደረሰውን ገንዘብ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና፣ ለውሃና ለራሱ ለአስተዳደሩ ይደለድላል። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱም ድርሻውን ይዞ ወደ ትምህርት ቤቶቹ ይዞራል። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። የገጠሩን ትምህርት ቤት ችግር ከአዲስ አበባ ቢሮ ይልቅ እዚያው ያለው ወረዳ ያውቀዋል የሚል ነበር። ነገር ግን ከወረዳው የትምህርት በጀት እጅግ የሚበዛው የመምህራን ደመወዝ ነው። ደመወዙ ከተነሣ በኋላ ለጠመኔ፣ ለመጽሐፍ፣ ለወንበር፣ ለመጸዳጃ ቤት የሚተርፈው «ሥራ ማስኬጃ» የሚባለው ፍርፋሪ ነው።

ይህን ፍርፋሪ ለመደጎም ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ባንክና በሌሎች ለጋሾች ድጋፍ፣ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በኩል፣ በተማሪ ቁጥር ልክ እየተሰላ ለትምህርት ቤቶች የሚሰጥ ድጎማ መጣ። ጥሩ ነበር። ርዕሰ መምህራን መጀመሪያ ጊዜ የራሳቸው የሚሉት፣ ከወላጆች ጋር ተመካክረው የሚያወጡት ገንዘብ አዩ። ሆኖም ያም ቢሆን መቼ እንደሚመጣ፣ ስንት ሆኖ እንደሚመጣ ለወላጅ የሚነግረው አልነበረም። የዝናብ ያህል ተጠበቀ፤ እንደ ዝናብም አንዳንዴ ዘገየ።

እንዲህ ሲሆን ጉድጓዱን የሚሞላው ማነው? ሕዝቡ! ስሙም «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» ይባላል።

ስለ ተሳትፎ ከተነሣ ታሪክ አጣቅሰው የሚከራከሩ አሉ። «ይህ ሕዝብ ጥንትም ትምህርት ቤቱን የሠራው በራሱ ላብ ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የተጣለው ግብር ስሙ ራሱ «የትምህርት ግብር» ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከስዊድን በተገኘ ርዳታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየገጠሩ ሲሠሩ ገበሬው ገንዘብም ጉልበትም አዋጥቷል። ነገር ግን ልዩነቱን ልብ በሉልኝ። የትምህርት ግብር በአዋጅ ወጣ። የሚከፍለው ሰው ግብር እንደሚከፍል፣ ለምን እንደሚከፍል ያውቅ ነበር። የዛሬው መዋጮ ግን ማንም ያላወጀው፣ ማንም ያልመረመረው፣ በትምህርት ቤት በር ላይ የሚሰበሰብ ግብር ነው። ግብር ነው ብንለው ደግሞ «በፈቃደኝነት ነው» ይሉናል።

ከዚህ የከፋው ሌላ ነው። መዋጮ ሀብታም ሰፈርንና ድሃ ሰፈርን አያስተካክልም፤ ያራርቃል እንጂ። ነጋዴ የሚኖርበት ሰፈር ወላጆቹ ተሰብስበው ኮምፒውተር ይገዛሉ። የቀን ሠራተኛና ቸርቻሪ የሚኖርበት ሰፈር ልጆቹ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ በዓመቱ መጨረሻ ሁለቱንም በአንድ ፈተና እንለካቸዋለን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ሆነ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ብዛት በሺህ ተቆጠረ። አገር ደነገጠ። ተማሪው ሰነፍ ተባለ፤ መምህሩ ደካማ ተባለ፤ ኩረጃ ተወገዘ። ሁሉም ይሁን። ግን ያለፉት ትምህርት ቤቶች ስንት ብር ነበራቸው? የወደቁትስ? ብሎ የጠየቀ ስንት ሰው ነበር? የተማሪው ውጤት በአደባባይ ይነበባል። የትምህርት ቤቱ በጀት ግን ከመሳቢያ አይወጣም።

ገንዘብ በመንገድ ላይ ምን እንደሚገጥመው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በአገራችን ደቡባዊ አካባቢዎች መምህራን ደመወዛቸው ለወራት ሳይከፈል ቀርቶ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። ወረዳዎች ለማዳበሪያ የገቡት ዕዳ ካዝናቸውን እንዳራቆተው የተሰማው ከብዙ እሮሮ በኋላ ነው። ማዳበሪያ ያስፈልጋል፤ ዕዳም ይከፈላል። ግን የመምህሩ ደመወዝ ለዕዳ መክፈያ ሲውል መምህሩም ወላጁም ቀድመው የማወቅ መብት የላቸውም? አንድ ቤተሰብ እንኳ የቤት ኪራዩን ለሌላ ጉዳይ ሲያውለው ባልና ሚስት ይነጋገራሉ።

«ይህ የድሃ አገር ዕጣ ነው» የሚል ካለ ከእኛ የማትሻል አገር ላሳየው። በኡጋንዳ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር እያሰላ ለሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ይልክ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት ከየት ደረሰ ተብሎ ሲጠና፣ ከተላከው 100 ሽልንግ ውስጥ ትምህርት ቤት የደረሰው በአማካይ 13ቱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረው በአካባቢ አስተዳደሮች እጅ ቀርቷል። መንግሥት ምን አደረገ? ለየወረዳው የላከውን ገንዘብ በየወሩ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ። ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን በግድግዳቸው ላይ እንዲለጥፉ አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ2001 ከመቶው ከ80 በላይ ለትምህርት ቤት ይደርስ ነበር። ጋዜጣው ብቻውን አላመጣውም፤ በዚያው ዘመን ሌሎች የገንዘብ አሠራሮችም ተሻሽለዋል። ቢሆንም ወላጅ እንዲያውቅ መደረጉ አንዱ ዋና ነገር ነበር። ኡጋንዳ ያን ጊዜ ሀብታም አልነበረችም። ያደረገችው ያላትን ገንዘብ ለባለቤቱ መንገር ብቻ ነው።

እኛም ጀምረነው ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ለጋሾች ቀጥታ የበጀት ድጋፋቸውን አቁመው በ1998 ዓ.ም. በሌላ መንገድ ሲመለሱ፣ ከፕሮግራሙ ክፍሎች አንዱ ወረዳዎች በጀታቸውን ሰው በሚገባው ቋንቋ በሰሌዳ እንዲለጥፉ ማድረግ ነበር። የነገርኳችሁ ከተማ ጽሕፈት ቤት በር ላይም ሰሌዳው እስከ ዛሬ ቆሟል። ጠጋ ብዬ አየሁት። የተለጠፈበት ያረጀ የስብሰባ ጥሪ ነው። ፈረንጅ ሲጠይቅ የለጠፍነውን፣ የራሳችን ሰው ሲጠይቅ ለምን አነሣነው?

መልሶቹን አውቃቸዋለሁ። የመጀመሪያው «ሕዝቡ በጀት አይገባውም» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ዕድር ገብተው አያውቁም ይሆን? ማንበብ የማይችሉ እናት የዕድራቸውን ድንኳን ብዛት፣ የአግዳሚውን፣ የሳህኑንና የብርጭቆውን ቁጥር በቃላቸው ይነግሯችኋል። ጸሐፊው ሒሳቡን ሲያነብ አምስት ብር ብትጎድል ስብሰባው አይበተንም። ዕድሩን እስከ ሳንቲሙ የሚመረምር ሕዝብ፣ የልጁን ትምህርት ቤት ሒሳብ አይገባውም ማለት ስድብ ነው።

ሁለተኛው «ገንዘቡ ትንሽ መሆኑ ከታወቀ ሕዝብ ይቆጣል» የሚል ነው። ይህ ፍርሃት ቀድሞም ነበር። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ጥናት ሲጠና ወላጅም መምህርም በወጉ አልተማከረበትም። ይዘቱ በወሬ ተናፈሰ። «የድሃ ልጅ ከጥቂት ክፍል በላይ እንዳይማር ሊያደርጉ ነው» ተባለ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሕዝብን ያስቆጣው እውነቱን ማወቁ ሳይሆን መደበቁ ነበር።

ሦስተኛው «ታዲያ ሕዝቡ አያዋጣ ነው የምትለው?» የሚል ነው። አላልኩም። በ2015 ዓ.ም. «ትምህርት ለትውልድ» ተብሎ ሕዝቡ ትምህርት ቤቶችን እንዲያድስ ሲጠራ፣ በውጭ የሚኖረው ወገናችን ሳይቀር እጁን ዘርግቷል። የተወለደበትን መንደር ትምህርት ቤት ጣራ ያለበሰ ስንት ሰው አለ! ይመስገን። ግን መንግሥት መጀመሪያ የራሱን ድርሻ ቆጥሮ ያሳይ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41፣ ለትምህርትና ለጤና የሚመደበው ሀብት በየጊዜው እየጨመረ እንዲሄድ በመንግሥት ላይ ግዴታ ጥሏል። ለሕዝቡ ያልተነገረ ሀብት መጨመሩ በምን ይታወቃል? የሕዝቡ መዋጮ ተጨማሪ እንዲሆን እንጂ ምትክ እንዲሆን አልተጻፈም።

እንግዲህ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ኮሚሽን ይቋቋም፣ ጥናት ይጠና፣ ዐውደ ጥናት ይዘጋጅ አላልኩም። በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ በር ላይ አንድ ሰሌዳ ይቁም። አምስት መስመር ይጻፍበት፤ የተማሪው ቁጥር፣ ለዓመቱ የተመደበው ገንዘብ፣ የደረሰው ገንዘብና የደረሰበት ቀን፣ ወጪ የሆነው በምን በምን እንደሆነ፣ ከወላጆች የተሰበሰበው። ከሥሩ የርዕሰ መምህሩና የወላጅና መምህር ኅብረት ሰብሳቢው ፊርማ ይኑር። ወረዳውም ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የመደበውን በዓመቱ መጀመሪያ በጽሑፍ ይስጠው። ይህ የአንድ ጣውላና የአንድ ጠመኔ ወጪ ነው። ጣውላው ከጠፋ እኔ አዋጣለሁ፤ በፈቃደኝነት!

ሰሌዳው እስኪቆም ድረስ ደግሞ ማንም ልጅ በመዋጮ ምክንያት ከምዝገባ አይመለስ። ሒሳቡን ያላሳየ ሒሳብ የመጠየቅ መብት የለውም። እኛም ከፍለን ዝም ያልን ወላጆች ከወቀሳ አናመልጥም። እኔ ራሴ ከፍዬ ነው የጠየቅሁት፤ ጠይቄ መክፈል ነበረብኝ። ደረሰኝ ስለተቆረጠልን ብቻ ሒሳብ የተነገረን መስሎን ወደ ቤታችን ገባን።

የበርበሬ ነጋዴዋ እናት ግን ከሰልፍ ወጥተው ሄዱ። ለልጃቸው ስንት እንደተመደበለት የነገራቸው ሰው አልነበረም። የተነገራቸው የሚጎድለው ብቻ ነው።